ገና የተነሣ ሳይኮሲስ ላይ ኤምአርኤስና ኤፍኤምአርአይ፦ ቅደም ተከተል፣ ቮክሰል፣ ጫት፣ መድኃኒት

ጮቄ ማዶ (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ለመድረኩ። ከምሥራቅና ከምዕራብ ጎጃም የሚመጡ፣ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 35 የሆነ፣ ሳይኮሲስ (የሌለ ድምፅ መስማት፣ ከእውነታ መራቅ) ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣባቸውን ሰዎች የሚመለከት የጥናት ንድፍ እየተረቀቀ ነው። መድኃኒት ያልጀመሩ ወይም ከጀመሩ 2 ሳምንት ያልሞላቸው ብቻ ይገባሉ። የኤምአርአይ ማሽኑ 3 ቴስላ (የማግኔቱ ጉልበት መለኪያ)፣ የራስ ኮይሉ (ራስ ላይ ሆኖ ምልክቱን የሚቀበለው) 32 ቻናል ነው። አንድ ሰው ማሽኑ ውስጥ ከ50 ደቂቃ በላይ እንዲተኛ አይፈለግም።

ሊለካ የታሰበው በፊተኛው ሲንጉሌት (ከግንባር ኋላ መሐል ላይ ያለ የአንጎል ክፍል) ያለው ግሉታሜት (ነርቭን የሚያነቃቃ ኬሚካል)፣ እዚያው ያለው ጋባ (ነርቭን የሚያረጋጋ ኬሚካል)፣ እና አንጎል ሥራ ሳይሰጠው ሲያርፍ ክፍሎቹ እርስ በርስ የሚናበቡበት ሁኔታ ነው። ጊዜ ከተረፈ የደም ፍሰትም ይታያል።

ረቂቁ ላይ ያለው ቅደም ተከተል የመዋቅር ምስል፣ ከዚያ ኤፍኤምአርአይ (የአንጎልን ሥራ በደም ለውጥ የሚከታተል ቅኝት)፣ መጨረሻ ላይ ኤምአርኤስ (የአንጎል ኬሚካሎችን መጠን የሚለካ ቅኝት) የሚል ነው። ሰውየው ወደ መጨረሻው ሲደክመው ዝም ብሎ ስለሚተኛ ለኤምአርኤስ ይመቻል ተብሎ ነው። ያስኬዳል? ደግሞስ ጫት የሚቅሙትን እናስወጣ ካልን ባሕር ዳር ዙሪያ ማን ይቀራል? ዶፓሚንን (ሌላውን የነርቭ መልእክተኛ ኬሚካል) በፔት (ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ተሰጥቶ በሚወሰድ ምስል) መለካትስ የሚታሰብ ነው?

ዓባይ በረሃ

ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ኤምአርኤስ ከኤፍኤምአርአይ በኋላ ከመጣ በተለይ ጋባው ይበላሻል።

ጉዳዩ የሙቀት ነው። የኤፍኤምአርአይ ፈጣን ቅኝት ግራዲየንት ኮይሎቹን (ምልክቱ ከየት እንደመጣ ለመለየት የሚረዱትን ጥቅል ሽቦዎች) ያግላቸዋል፤ አጠገባቸው ያለው፣ መስኩን ወጥ የሚያደርገው የሺም ብረትም አብሮ ይሞቃል። ቅኝቱ ሲቆም ብረቱ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ የማግኔቱ መስክ ይንሸራተታል። በ3 ቴስላ 1 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ፤ ኬሚካሎች በስፔክትረሙ፣ ማለትም በምልክቱ ግራፍ ላይ የሚለዩበት መለኪያ) ማለት 128 ኸርዝ ገደማ ስለሆነ 10 ኸርዝ ሲንሸራተት 0.08 ፒፒኤም ሄደ ማለት ነው። ለተራው ስፔክትረም ይህ ኋላ በሶፍትዌር ይቃናል። ሜጋ-ፕሬስ (ጋባን ለይቶ የሚያወጣው የኤምአርኤስ ዘዴ) ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጋባ 3.0 ፒፒኤም ላይ ከክሬቲን (ከሌላ የአንጎል ኬሚካል) ሥር ተቀብሮ ነው ያለው፤ ክሬቲኑ ደግሞ ከእሱ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ አንዴ 1.9 ፒፒኤም ላይ የሚያርፍ የሬዲዮ ሞገድ ምት እየተሰጠ፣ አንዴ ምቱ ወደ 7.5 ፒፒኤም ተወስዶ ይቀዳና ሁለቱ ይቀናነሳሉ። መስኩ በመሐል ከተንሸራተተ ምቱ ዒላማውን ይስታል፣ ቅንስናሹም ንጹሕ አይሆንም፤ የክሬቲን ቅሪት ጋባ መስሎ ቁጭ ይላል። የታመመው ቡድን ኤፍኤምአርአዩ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ስሕተቱ በሁለቱ ቡድኖች እኩል አይሆንም፤ ያ ነው ትልቁ አደጋ።

እኔ እንደሚከተለው አደርገው ነበር። አቅጣጫ ማሳያው ግማሽ ደቂቃ፤ 1 ሚሊ ሜትር የሆነው የመዋቅር ምስል 5 ደቂቃ ተኩል። ከዚያ የግሉታሜቱ ኤምአርኤስ፦ ፕሬስ (የተለመደው የኤምአርኤስ ዘዴ)፣ ኤኮ ጊዜው (ከምቱ እስከ ንባቡ) 30 ሚሊ ሰከንድ፣ ድግግሞሹ (ከንባብ እስከ ንባብ) 2 ሰከንድ፣ 128 ንባብ። ይህ በራሱ 4 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነው፤ ቮክሰል (የሚለካበትን የአንጎል ሳጥን) ማስቀመጡ፣ ሺሙ (መስኩን ወጥ ማድረጉ) እና ውኃው ሳይታፈን የሚቀዳው ማመሳከሪያ ሲጨመሩ 8 ደቂቃ ያዙለት። ለሜጋ-ፕሬስ ኤኮ ጊዜው 68 ሚሊ ሰከንድ፣ 320 ንባብ፤ 10 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይፈጃል፣ ከነዝግጅቱ 14። ቀጥሎ የዕረፍት ኤፍኤምአርአይ 10 ደቂቃ፣ የደም ፍሰት 5 ደቂቃ። ድምሩ 43 ነው። የቀረው 7 ደቂቃ ትርፍ እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ሺም ሲደገምና ሰውየው "ቆይ፣ አውጡኝ" ሲል ያልቃል። ሥራ የሚሰጥበት ኤፍኤምአርአይ በዚህ ጊዜ ውስጥ አይገባም፣ አታስገቡት።

የቮክሰሉ መጠን ላይ አትስገብገቡ። የግሉታሜቱ 2 በ2 በ2 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 8 ሚሊ ሊትር። "ትንሽ አድርገን ቦታውን እናጥራ" የሚል ሰው አይጠፋም። ምልክቱ ከይዘቱ ጋር እኩል ይቀንሳል፣ ከንባብ ብዛት ጋር ግን በካሬ ሥር ብቻ ነው የሚጨምረው። 1 ሚሊ ሊትር ላይ ያንኑ ጥራት ለማግኘት ጊዜው 64 እጥፍ ይሆናል፤ አራት ሰዓት ተኩል! ጋባው ደግሞ 3 በ3 በ3፣ 27 ሚሊ ሊትር ይፈልጋል። ያን ያህል ትልቅ ሲሆን "የፊተኛው ሲንጉሌት ጋባ" ማለቱ ራሱ ለጋስ አነጋገር ነው፤ ጎረቤቱን ሁሉ ጠቅልሎ ይይዛል። ቁጥሩም ከማክሮሞለኪውል (ከትልልቅ ሞለኪውሎች) ምልክት ጋር ተደባልቆ ስለሚመጣ ጽሑፉ ላይ "ጋባ ፕላስ" ተብሎ ይጻፍ።

ራዲዮግራፈር ቡሬ

ዓባይ በረሃ ያለው ልክ ነው፤ ከማሽኑ ክፍል የሚታየውን ልጨምር።

ቮክሰሉን በሦስቱም አቅጣጫ እያያችሁ አስቀምጡ። ለፊተኛው ሲንጉሌት የኮርፐስ ካሎሰምን (የግራና የቀኝ አንጎል ማገናኛ) ጉልበት፣ ማለትም የፊት ጥምዙን ፈልጉ፤ ከእሱ ፊትና ትንሽ ከፍ ብሎ፣ መሐል መስመሩን ግራና ቀኝ እኩል ይዞ። ጠርዙ የራስ ቅሉን ከነካ 1.3 ፒፒኤም ላይ የራስ ቆዳ ስብ ጉብ ብሎ ይወጣና ጎረቤቶቹን ይጫናል። ሳይነካም ሊመጣ ይችላል፤ ስብና ውኃ የሚመረጡበት ቦታ በኬሚካላዊ ሽግሽጉ ምክንያት አንድ ስላልሆነ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ሳጥን ለሁሉም ኬሚካል ያው ሳጥን አይደለም። ማፈኛ ባንዶቹን ከራስ ቅሉ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ጣሉ።

ሺሙ ካለቀ በኋላ የውኃውን መስመር ስፋት አንብቡ። 3 ቴስላ ላይ እስከ 12 ኸርዝ ጥሩ ነው። 15 ካለፈ ድገሙት፤ አሁንም ካልወረደ ቮክሰሉን አየር ካለበት የአጥንት ክፍተት (ሳይነስ) ወደ ላይና ወደ ኋላ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር አሽሹት። ከቀዳችሁ በኋላ ሰውየውን ከማውጣታችሁ በፊት ስፔክትረሙን በዓይናችሁ እዩት። 3.03 ላይ ያለው ክሬቲንና 3.2 ላይ ያለው ኮሊን መካከል ግልጽ ሸለቆ መኖር አለበት። ሁለቱ ተጣብቀው እንደ አንድ ጉብታ ከታዩ ግሉታሜትን ከግሉታሚን (ከቅርብ ዘመዱ) እለያለሁ ማለት ዘበት ነው። በነገራችን ላይ 1.5 ቴስላ ላይ ሁለቱን አጣምሮ "ጂኤልኤክስ" ማለቱ ይሻላል።

አሁን ደግሞ ስለ ብረት። እኛ አገር የደህንነት ቅጹ ከውጭ ተተርጉሞ ስለሚመጣ የሚጠይቀው ስለ ልብ ማነቃቂያ ነው፤ ጎጃም ገበሬ አንገት ላይ ያለውን አይጠይቅም። ማተብ ከጥጥ ወይም ከሐር ክር ብቻ ከሆነ ምንም አያደርግም፤ አታስወልቁ። ያለ አስፈላጊነት አስወልቁ ብላችሁ ጠብ ከጀመራችሁ ሰውየው ጥርጣሬ ያለበት ነው፣ ቀኑ ያኔ አለቀ። የእንጨት መስቀልም ይቆይ። የብርና የብረት መስቀል፣ ቀለበት፣ በብረት ወይም በቆርቆሮ የተለበጠ ክታብ ይውለቅ፤ ክታቡ ቆዳ የተለበጠ ቢሆንም ውስጡ ምን እንዳለ ጠይቁ፣ ካልታወቀ ቤተሰቡ ውጭ ይዞ ይቆይ። ኩል የተኳለ ዓይን ምስሉን ዓይን ዙሪያ ያጣምማል፣ ሊያቃጥልም ይችላል፤ በቫዝሊንና በጥጥ ይጠረግ። የአንገት ንቅሳት ካለ መዝግቡ፣ ሙቀት ከተሰማ ወዲያው እንዲያሳውቁ ንገሩ። ሹሩባ ውስጥ ስፒል እንዳይቀር በጣት ዳብሱ። ክንድ ሥር የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ ችግር የለውም። ጥይት ወይም ፍንጣሪ ሰውነቱ ውስጥ እንዳለ የሚጠረጠር ሰው ግን ራጅ ሳይነሣ አይገባም፤ ዓይን አካባቢ ከሆነ ጭራሽ አይገባም። በሰንሰለት ታስሮ የቆየ ሰው ሲመጣ ሰንሰለቱ ከነቁልፉ መውለቁን በእጃችሁ አረጋግጡ።

ፍኖተ ሰላም 02

የጩኸቱን ነገር ማንም አላነሣም። ድምፅ ለሚሰማው ሰው ያ ሁሉ መንኳኳት ቀላል አይደለም። ከቅኝቱ በፊት ምን ይደረግ?

ራዲዮግራፈር ቡሬ

እህትዓለም ልክ ነሽ። ከአንድ ቀን በፊት የማሽኑን ድምፅ በስልክ አሰሟቸው፤ የእያንዳንዱን ቅኝት ድምፅ ለየብቻ፣ "ይህኛው አራት ደቂቃ ነው፣ ይህኛው አሥር ነው" እያላችሁ። ጠረጴዛ ሥር ወይም ጠባብ አልጋ ላይ አንገት ሳይነቃነቅ 10 ደቂቃ መተኛት አለማምዷቸው። የጆሮ መክደኛ ውስጥ፣ ከላዩ የጆሮ ማዳመጫ፣ በጎንና በጎን ስፖንጅ። መጭመቂያዋን ኳስ ከመግባቱ በፊት ራሱ ጨምቆ እንድትጮህ ይስማት፤ ተጨምቃ የማትመለስለት መስሎት የሚደነግጥ ብዙ ነው። በየቅኝቱ መሐል በስሙ ጥሩት። ዘመድ ክፍሉ ውስጥ እግሩን ይዞ ቢቀመጥ ጥሩ ነው፤ ዘመዱም እንደ ታማሚው ይፈተሻል፣ ያልተፈተሸ ሰው ቢላውን ታጥቆ የሚገባው ያኔ ነው።

አንድ ነገር ብቻ፦ ዝም ለማሰኘት ተብሎ ዲያዜፓም ወይም ኬታሚን እንዳይሰጥ። ምክንያቱን ሐኪሞቹ ይንገሩ።

ግሽ ዓባይ (ሳይካትሪ)

ዲያዜፓም የሚሠራው በጋባ ተቀባይ ላይ ነው፤ ኤፍኤምአርአዩንም የደም ፍሰቱንም ይለውጣል። ኬታሚን ደግሞ የኤንኤምዲኤ ተቀባይን (ግሉታሜት የሚያርፍበትን) ይዘጋል። የጥናቱ ግምት ራሱ ኤንኤምዲኤ ተቀባይ በጋባ ነርቮች ላይ ሲደክም ግሉታሜት ልጓም ያጣል፣ ከዚያ ዶፓሚን ይጨምራል የሚል ነው። የምትለኩትን ነገር በመርፌ ፈጥራችሁ መልሳችሁ መለካት ይሆናል። ሰውየው ያለ ማደንዘዣ መተኛት ካልቻለ ለጥናቱ አልተዘጋጀም፤ በሌላ ቀን ይምጣ ወይም ይቅር።

ስለ ጫት። አታስወጧቸው፤ ነገር ግን "ይቅማል/አይቅምም" የሚል ሳጥን ብቻ አስቀምጣችሁ አትለፉ። የሚጠየቀው መጨረሻ የቃመበት ቀንና ሰዓት፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ በአንድ መቀመጫ ምን ያህል ዙርባ፣ ትኩስ ቅጠል ነው የደረቀ፣ ከምርቃናው በኋላ ጨብሲ አለ ወይ፣ ካለ በምን። ካቲኖን (የጫቱ ዋና አነቃቂ ኬሚካል) ቅጠሉ ሲደርቅ ስለሚዳከም ትኩስነቱ ለውጥ ያመጣል። በሰውነት ውስጥ ያለው ግማሽ ዕድሜ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ካቲን የሚባለው ታናሹ ግን 5 ሰዓት አካባቢ ይቆያል። ስለዚህ አንድ ሙሉ ቀን ከታቀበ ኬሚካሉ ራሱ በአብዛኛው ወጥቷል። ሐራራው ግን ገና ነው። እንቅልፍ ማጣቱ፣ መነጫነጩ፣ ሌሊት የሚመጣው ዱካክ ሁሉ በኤፍኤምአርአዩ ላይ ይነበባል። ስለዚህ ሰዓቱን ለሁሉም አንድ አድርጉት፦ ቅኝቱ ጠዋት 3 ሰዓት ከሆነ ከትናንት በስቲያ ማታ ጀምሮ አይቃም፣ የቀረበት ሰዓትም በቁጥር ይጻፍ። ቁልፉ ደግሞ ጤነኛው ቡድን ነው። ታማሚዎቹ ቃሚ፣ ጤነኞቹ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ከሆኑ የለካችሁት ሳይኮሲስን ሳይሆን ጫትን ነው። በየሰፈሩ የሚቅሙ ግን ያልታመሙትን ፈልጉ።

የተለመደው የሽንት አምፌታሚን ምርመራ ካቲኖንን ሊስተው ይችላል። "ሽንቱ ንጹሕ ነው" ተብሎ እንዳይታለፍ።

ቡናን በተመለከተ ክልከላ አልወድም። ካፌይን የአንጎልን የደም ፍሰት ከ20 እስከ 30 በመቶ ይቀንሳል፤ በቀን ሦስቴ የሚጠጣን ሰው ስትከለክሉት ደግሞ በተቃራኒው ከፍ ይላል፣ ራሱንም ያመዋል። የለመደውን አንድ ስኒ ለሁሉም በተመሳሳይ ሰዓት ፍቀዱና መዝግቡ። አረቄ ላይ ግን ጥብቅ ሁኑ፤ አልኮል ድንገት ሲቋረጥ ግሉታሜት ሊያሻቅብ ይችላል።

መድኃኒት፦ ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን በወረቀት ይታያሉ። የሚያመልጠው የፍሉፌናዚን መርፌ ነው። ቤተሰቡ "መድኃኒት አይወስድም" ይላል፤ ክኒን አይወስድም ማለቱ ነው። መርፌው ለሳምንታት ደም ውስጥ ይቆያል። "ባለፉት ሦስት ወራት መርፌ ተወግቷል ወይ" ብላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ።

ለቅኝቱ ተብሎ ሕክምና አይዘገይም። ወረፋው ረቡዕ ከሆነና ሰውየው ሰኞ መድኃኒት የሚያስፈልገው ከሆነ ሰኞ ይጀምራል። ይህ ንድፉ ውስጥ በግልጽ ካልተጻፈ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ሊያልፈው አይገባም።

ጣና ዳር

ይህን ሁሉ ከምንደክም መልሱ የታወቀ አይደል እንዴ? ሳይኮሲስ ላይ ግሉታሜት ከፍ ይላል። የሚቀረው እዚህም መድገም ነው።

ዓባይ በረሃ

ኧረ ቀስ! የታወቀ ቢሆን ይህ ክር ባልተከፈተ። ተመራማሪዋ ሜሪትና ባልደረቦቿ በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥምር ትንተና (የብዙ ጥናቶች ድምር) ከፍ ብሎ ያገኘው ግሉታሜትን በቤዛል ጋንግሊያ፣ ግሉታሚንን በታላመስ (ሁለቱም አንጎል ውስጥ ጠልቀው ያሉ ክፍሎች ናቸው)፣ ሁለቱ የተጣመሩበትን በጊዜያዊው ሎብ ውስጠኛ ክፍል ነው። ግንባር አካባቢ የተረጋጋ ልዩነት አልታየም። ከዚያ በኋላ በ7 ቴስላ የተሠሩት ደግሞ ገና በተነሣ ሳይኮሲስ የፊተኛው ሲንጉሌት ግሉታሜት ዝቅ ብሎ የተገኘባቸው አሉ። ከፍ የሚለው በማን ላይ ነው ብለህ ብትጠይቅ ይሻላል፦ ተመራማሪዋ ኢገርተን በ2012 እ.ኤ.አ. ያሳየችው መድኃኒት ወስደው ምልክቱ ያልለቀቃቸው ሰዎች ላይ የፊተኛው ሲንጉሌት ግሉታሜት ከለቀቃቸው ሰዎች እንደሚበልጥ ነው። ሁለቱን ዓይነት ሰው አንድ ላይ ደምረህ አማካይ ስታወጣ ዜሮ ብታገኝ አይግረምህ።

የውሸት "ዝቅ ማለት" እንዴት እንደሚፈጠርም ላሳይህ። የራስ ፈሳሽ ውስጥ ግሉታሜት የለም ለማለት ይቀላል። ቮክሰሉ 15 በመቶ ፈሳሽ ከያዘና የተነበበው 8.5 ከሆነ የቲሹው ትክክለኛ መጠን 8.5 ለ0.85 ሲካፈል 10 ነው። የታማሚው ኮርቴክስ ሳስቶ ፈሳሹ 20 በመቶ ቢሆን፣ ያው 10 የሆነ ቲሹ 8 ሆኖ ይነበባል። ማስተካከያ ካላደረግህ "ግሉታሜት ቀነሰ" ብለህ ትጽፋለህ፤ የቀነሰው ኮርቴክሱ ነው። ለዚህ ነው የመዋቅር ምስሉ በግራጫ፣ በነጭና በፈሳሽ ተከፋፍሎ የቮክሰሉ ድርሻ ለእያንዳንዱ ሰው የሚሰላው።

ከክሬቲን ጋር ማካፈሉም ወጥመድ ነው፤ ክሬቲን ራሱ በሕመሙ ከተለወጠ ላይኛው ይሁን ታችኛው የተንቀሳቀሰው አታውቅም። በውኃም በክሬቲንም አውጣው። ሁለቱ ካልተስማሙ ዝም ብለህ የሚመችህን አትምረጥ።

ግሽ ዓባይ (ሳይካትሪ)

አንድ ጭማሪ፤ የጥራት መቁረጫው። ብዙዎች ክራመር-ራኦ (የልኬቱ የስሕተት ግምት) ከ20 በመቶ በላይ የሆነውን ይጥላሉ። በመቶኛ ስለሆነ መጠኑ በእርግጥ ዝቅ ያለ ሰው ራሱ ከፍ ያለ መቶኛ ይወጣዋል። ስለዚህ የተጣለው መጥፎ ንባብ ሳይሆን የምትፈልጉት ታማሚ ሊሆን ይችላል። መስመር ስፋትንና የምልክት ለድምፅ ጥምርታን (ምልክቱ ከሁካታው ምን ያህል እንደሚበልጥ) መቁረጫ አድርጉ፤ መቶኛውን ሪፖርት አድርጉት እንጂ ብቻውን አትቁረጡበት።

ጮቄ ማዶ (ደብረ ማርቆስ)

እግዜር ይስጥልን። ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል፤ የመርፌው ጥያቄም ገብቷል። የፔቱስ?

ዓባይ በረሃ

ፔት ዶፓሚን ላይ ትልቅ ነገር አስተምሮናል፤ ከደብረ ማርቆስ ሆኖ ለማሰብ ግን ሒሳቡን እዩት። ኤፍ-ዶፓ (ዶፓሚን ሲሠራ የሚያሳየው የፔት ንጥረ ነገር) የሚሠራበት ጨረር አመንጪው ፍሎሪን-18 ግማሽ ዕድሜው 110 ደቂቃ ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የዓባይ በረሃን ቁልቁለትና አቀበት ጨምሮ 6 ሰዓት ብትሉ የሚደርሰው ከተነሣው አንድ አሥረኛው ነው። ካርቦን-11 የሚጠቀመው ራክሎፕራይድ (የዶፓሚን ተቀባዮችን የሚያሳየው) ደግሞ ግማሽ ዕድሜው 20 ደቂቃ ነው፤ ጎሐ ጽዮን ሳይደርስ አልቋል። ሳይክሎትሮኑ (እነዚህን የሚያመርተው ማሽን) እና ስካነሩ አንድ ግቢ ካልሆኑ የማይታሰብ ነው። በዚያ ላይ ለኤፍ-ዶፓ ከአንድ ሰዓት በፊት 150 ሚሊ ግራም ካርቢዶፓና 400 ሚሊ ግራም ኢንታካፖን ይሰጣል፤ ያለዚያ ዶፓው አንጎል ሳይደርስ በሌላው አካል ይለወጣል። ከዚያ ሰዓት ተኩል መተኛት።

በፔት የተገኘው ነገር ግን ንድፋችሁን ይመራል። ስትራያተም (የቤዛል ጋንግሊያ ክፍል) ውስጥ ዶፓሚን የመሥራት አቅም ሳይኮሲስ ላይ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ለመድኃኒት የማይመልሱት ላይ ግን ከፍ አይልም፣ እነሱ ላይ ከፍ ብሎ የተገኘው የፊተኛው ሲንጉሌት ግሉታሜት ነው። መጠኑን በተመለከተም፣ ሃሎፔሪዶል ከዲ2 (ከዶፓሚን) ተቀባዮች 65 በመቶ ያህሉን ሲይዝ ነው ምላሽ የሚጀምረው፤ 78 በመቶ ካለፈ መንቀጥቀጥና መድረቅ ይመጣል። መሐሉ ጠባብ ነው። ይህን ለሚያውቅ ሐኪም "አልተሻለውም፣ መጠኑን እጥፍ አድርጉለት" የሚለው ልመና ብዙ አያስኬድም።

ያለ ጨረር የምትሞክሩት ነገር ካለ ኒውሮሜላኒን (በዶፓሚን ነርቮች ውስጥ የሚጠራቀም ቀለም) ነው። ሰብስታንሺያ ናይግራ (እነዚህ ነርቮች ያሉበት የአንጎል ክፍል) ላይ የሚወሰድ፣ በ3 ቴስላ ከ8 እስከ 12 ደቂቃ የሚፈጅ የኤምአርአይ ምስል ነው፤ ለዓመታት የተጠራቀመ የዶፓሚን አሻራ ያሳያል። ከዛሬው ጫት ይልቅ የከረመውን ስለሚያነብ ለእናንተ ይመቻል። ግን 43 ደቂቃው ላይ አይጨመርም። በሌላ ቀን።

ደጀን አፋፍ

ኤፍኤምአርአዩን ሁሉም እንደ ቀላል አልፎታል፤ እኔ የምፈራው እሱን ነው።

ቅንብሩ ችግር የለበትም፦ ኤኮ ጊዜ 30 ሚሊ ሰከንድ፣ ድግግሞሽ 2 ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች፣ 3 ሚሊ ሜትር፣ የመጀመሪያዎቹ 5 ቅጂዎች ይጣላሉ። ዓይን ተከፍቶ መስቀለኛ ምልክት ላይ ይተከል፤ ዓይን ጨፍኑ ከተባለ ሌሊቱን በጉዞ ያደረ ሰው በሦስተኛው ደቂቃ ይተኛል፣ የተኛ አንጎል ደግሞ ታላመሱ በሌላ መንገድ ነው የሚናበበው። የምንፈልገው ነገር ታላመስ ከግንባር ጋር ያለው ትስስር መላላቱና ከስሜትና እንቅስቃሴ ኮርቴክስ ጋር ያለው መጥበቁ ስለሆነ፣ እንቅልፍ በቀጥታ ውጤቱ ላይ ነው የሚገባው። በካሜራ ዓይኑን እዩ፤ ካሜራ ከሌለ ሲያልቅ "ተኝተህ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁና ጻፉ።

ሁለተኛው እንቅስቃሴ ነው። ሃሎፔሪዶል የጀመረ ሰው እግሩ አርፎ ላይተኛ ይችላል፤ አካቲዢያ ነው። ራስ ሲነቃነቅ ቅርብ ለቅርብ ያሉ ክፍሎች ይበልጥ የተሳሰሩ፣ ርቀው ያሉት የላሉ መስለው ይወጣሉ። ያ ደግሞ ስለ ስኪዞፍሬኒያ ከተጻፈው ጋር ቁርጥ ስለሚመስል ያታልላል! ከቅጂ ወደ ቅጂ ከ0.5 ሚሊ ሜትር በላይ የተነቃነቀው ይጣል፤ ቢያንስ 5 ደቂቃ ንጹሕ ያልተረፈለት ሰው ከትንተናው ይውጣ። የሁለቱ ቡድኖች አማካይ እንቅስቃሴ እኩል መሆኑም ይታይ። እስትንፋስና የልብ ምት በቀበቶና በጣት መለኪያ ይቀዳ።

ለደም ፍሰቱ ቅኝት፣ ደሙ በማግኔት ምልክት የሚደረግበትን ጊዜ 1800 ሚሊ ሰከንድ፣ ከዚያ እስከ ንባቡ ያለውን መጠበቂያ 1800 አድርጉ። የዚያኑ ቀን ሄማቶክሪት (በደም ውስጥ ያለው የቀይ ሕዋስ ድርሻ) ውሰዱ፤ ደም ማነስ ያለበት ሰው ፍሰቱ ከፍ ብሎ ይታያል፣ የደሙ ቲ1ም (ምልክቱ የሚደበዝዝበት ጊዜ) ይለወጣል። ሂፖካምፐስን (የትውስታ ክፍሉን) ሳታዩ አትለፉ፤ ለሳይኮሲስ በተጋለጡት ላይ የዕረፍት ፍሰቱ ከፍ ብሎ የተገኘው እዚያ ነው። ጾም ላይ ከሆነና እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ የማይቀምስ ከሆነም ይመዝገብ፤ ሑዳዴ ላይ የተቀዱትን ከፋሲካ በኋላ ከተቀዱት ጋር ዝም ብላችሁ አታደባልቁ።

ፍኖተ ሰላም 02

ለቤተሰብ ምን እንበል የሚለው ላይ መልስ አልተሰጠም። ከቋሪትና ከሰከላ በሬ ሸጠው "ራሱን በማሽን እዩልን" የሚሉ አሉ።

ግሽ ዓባይ (ሳይካትሪ)

ሳይሸፋፈን ይነገራቸው፦ ይህ ምስል በሽታው ሳይኮሲስ ነው አይደለም አይልም። የግሉታሜትም የትስስሩም ልዩነት የሚታየው ብዙ ሰው ሲደመር ነው፤ የአንድ ሰው ቁጥር ከጤነኛው ጋር ተደራርቦ ይወድቃል። ስለዚህ የጥናቱ ቁጥር ለቤተሰብ አይሰጥም፤ መስጠት ራሱ ማሳሳት ነው። በሬው ለመድኃኒቱና ለመመላለሻው ይሁን።

የመዋቅሩ ምስል ግን ሌላ ነገር ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥምር ትንተና፣ ሳይኮሲስ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተነሣባቸው 5.9 በመቶ ያህሉ ላይ ለሕክምናው ትርጉም ያለው ነገር ተገኝቷል፤ ከ18 ሰው አንዱ ማለት ነው። ስለዚህ በጥናቱ የተነሣው ምስል በራዲዮሎጂስት ሳይነበብ መሳቢያ ውስጥ አይቀርም፤ በስንት ቀን እንደሚነበብና ለማን እንደሚነገር ከወዲሁ ይወሰን።

ከጥናት ውጭ ደግሞ ማን ይነሣ? የሚጥል በሽታ፣ አዲስ የራስ ምታት፣ የአንድ ጎን መድከም፣ የራስ ጉዳት፣ የሚወዛወዝ ንቃት፣ ኤችአይቪ ያለበት፣ ወይም ከ40 ዓመት በኋላ ድንገት የጀመረው። ትኩሳት ካለና ከመተማ ወይም ከሌላ ቆላ የቀን ሥራ የተመለሰ ከሆነ ግን መጀመሪያ የወባ ደም ምርመራ፤ ኤምአርአይ ወረፋ ሲጠበቅ ሰው ይሞታል። የሰውነት መገተር፣ የአፍና የእጅ እንግዳ እንቅስቃሴ፣ የደም ግፊትና የልብ ምት መዋዠቅ ያለበት ወጣት ላይ የኤንኤምዲኤ ተቀባይ ፀረ-አካል የሚያመጣውን የአንጎል ብግነት አስቡ። ምስሉ ጤናማ መሆኑ በሽታው የለም አያሰኝም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ላይ ንጹሕ ሊመስል ይችላል፣ የጀርባ ፈሳሽ ይታይ።

ጸበል ላይ ያለ ሰውም ከጥናቱ አይወጣም። ከጸበሉ ጋር መድኃኒቱን እንዲወስድ ከአጥማቂው ጋር መነጋገር እንጂ መጣላት አይጠቅምም። ሰውነቱ ውኃ አጥቶ ከሆነ ግን ቅኝቱ ይዘግይ።

ጣና ዳር

እሺ ተረታሁ። ስንት ሰው ይበቃል ታዲያ? ረቂቁ 20 እና 20 ይላል።

ዓባይ በረሃ

ወንድምዓለም፣ 20 በ20 የሚይዘው በጣም ትልቅ ልዩነትን ብቻ ነው። በ80 በመቶ አቅም (ልዩነቱ ካለ የማግኘት ዕድል) መካከለኛ የሚባለውን የ0.5 ልዩነት (በስታንዳርድ ዲቪዬሽን ተለክቶ) ለመያዝ በየቡድኑ 64 ሰው ይፈለጋል፤ ለ0.3 ደግሞ 176። ኤምአርኤስ ላይ በአብዛኛው የሚጠበቀው ወደ ሁለተኛው ይጠጋል። 20 ካላችሁ ዓላማውን ቀይሩት፦ "እዚህ ማሽን ላይ ይህ ነገር በጥራት ይሠራል ወይ፣ ስንቱ ሰው ይጨርሰዋል" የሚል የአዋጭነት ጥናት ይሁን። እሱ ራሱ ዋጋ አለው፤ "ግሉታሜት ጎጃም ላይ" የሚል ርዕስ ግን አይሰጠውም።

ከመጀመራችሁ በፊት ፋንተም (የኬሚካሉ መጠን የታወቀ መሞከሪያ ፈሳሽ) ይኑራችሁ። በተለምዶ የሚሠራው ኤንኤኤ 12.5፣ ክሬቲን 10፣ ኮሊን 3፣ ማዮ-ኢኖሲቶል 7.5፣ ግሉታሜት 12.5፣ ላክቴት 5 ሚሊ ሞላር ሆኖ ፒኤች 7.2 ላይ ነው። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቮክሰል ይቀዳ። ማቀዝቀዣው ውስጥ ከርሞ ወዲያው አታስገቡት፤ የውኃው መስመር በ1 ዲግሪ 0.01 ፒፒኤም ይሄዳል፣ ክፍሉ ውስጥ ያድር። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ከተነሣ፣ በተለይ ቺለሩ (የማሽኑ ማቀዝቀዣ) ቆሞ ከነበረ፣ ሰው ከማስገባታችሁ በፊት ፋንተሙን ድገሙ። ሶፍትዌር ካሳሰባችሁ ኤልሲሞዴል አሁን በነፃ ይገኛል፤ ለጋባው ጋኔት፣ ሁሉንም በአንድ ለማስኬድ ኦስፕሬይ።

ጮቄ ማዶ (ደብረ ማርቆስ)

ዓላማው ወደ አዋጭነት ይቀየራል። አንድ የመጨረሻ፦ ከ6 ሳምንት ሕክምና በኋላ ያንኑ ሰው መልሰን ብናነሣ ቮክሰሉን እዚያው ቦታ እንዴት እንመልሰው? አውቶማቲክ ማስቀመጫ ማሽኑ ላይ የለም።

ራዲዮግራፈር ቡሬ

በመጀመሪያው ቀን የሦስቱን አቅጣጫ ምስል ከነሳጥኑ ፎቶ አንሥታችሁ አትሙ፤ የሳጥኑን ማዕዘንና ከኮርፐስ ካሎሰም ጉልበት ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር ከሥሩ ጻፉ። በሁለተኛው ቀን መጀመሪያ አዲሱን የመዋቅር ምስል አንሡ፣ ወረቀቱን ስክሪኑ አጠገብ ለጥፉ፣ ቁጥሩን ሳይሆን ጥርጥር የሌለውን የአካል ምልክት ተከተሉ፤ ራሱ በሌላ ማዕዘን ስለሚተኛ የድሮው ቁጥር አይመጥንም። ያስቀመጠው ሰው ያው ቢሆን ይመረጣል። ሰዓቱም ያው ጠዋት 3 ሰዓት። ኋላ ሁለቱን ሳጥኖች በኮምፒውተር ደርባችሁ ምን ያህል እንደተደራረቡ አስሉ። እኔ ከ80 በመቶ በታች የሆነውን ጥንድ ለብቻው አስቀምጬ ትንተናውን ከነሱ ጋርም ያለነሱም እሠራው ነበር። ሌላው፣ ማሽኑ በመሐል የሶፍትዌር ማሻሻያ እንዳይደረግለት ከመሐንዲሱ ጋር ተነጋገሩ፤ 6 ሳምንቱ ካለቀ በኋላ ይግባ።